የአጥቢያችን ካህናትና አገልጋዮች ዓመቱን ሙሉ እንዲማሩ፦ ለሰሜን ሸዋ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር መመሪያ

በገጠር አጥቢያ የሚያገለግሉ አንድ ቄስ ሌሊቱን በማኅሌት ያድራሉ። ጠዋት ይቀድሳሉ። በማግሥቱ ሞፈርና ቀንበር ይዘው እርሻ ይወርዳሉ። በዚያ ላይ ክርስትና አለ፣ ፍትሐት አለ፣ የሚታረቁ ባልና ሚስት አሉ። እንዲህ ላሉ አባት «ለሦስት ቀን ሥልጠና ደብረ ብርሃን ይምጡ» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነው። ይመጣሉ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣቸዋል፣ አበላቸውን ተቀብለው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን የተማሩትን የሚጠይቃቸው፣ የከበዳቸውን የሚያስረዳቸው ሰው የለም።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ትምህርቱ ወደ ካህናቱ ይሂድ። በራሳቸው ደጀ ሰላም፣ በራሳቸው በዓል ቀን፣ በአቅራቢያው ባሉ ሊቅ፣ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ዓመቱን ሙሉ። የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ሙሴዎችም (መሪዎችም) አብረው ይግቡበት። መንገድ በሚዘጋበትና ጉዞ በሚያሰጋበት ጊዜም እንዲህ ያለው ትምህርት አይቋረጥም።

ፈቃዱ ይቅደም

ከምንም በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ አነጋግሩ። ቀጥሎ ጉዳዩ በሰበካ ጉባኤ ይታይና በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቃለ ዓዋዲው (የቤተ ክርስቲያናችን የአስተዳደር ደንብ) ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነው የሚያቋቁመው። ስለዚህ እዚያ ከተወሰነ ሦስቱም ወገን የእኔ ነው ይለዋል። ከዚያ ለወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ማን ያስተምራል፣ ምን ያስተምራል፣ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል። ይኸው ነው።

ይህን ደረጃ ዘለው የሚጀምሩ አሉ። ልባቸው ቅን ነው፣ ግን ብዙ አይራመዱም። ፈቃድ የሌለው መምህር ዐውደ ምሕረት ላይ ሲታይ «ማን ላከው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ ሃይማኖትን የሚያህል ነገር ላልታወቀ ሰው አይሰጥም።

የጎደለው ምን እንደሆነ ጠይቁ

መጠይቅ አትማችሁ አትበትኑ። ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ካህናቱን ለብቻ፣ ዲያቆናቱን ለብቻ፣ ሰበካ ጉባኤውን ለብቻ። ሁሉን ባንድ ላይ ከጠየቃችሁ ዲያቆኑ በቄሱ ፊት አይናገርም፣ ቄሱም በምእመን ፊት ይህ ይጎድለኛል አይሉም።

ጥሩ መክፈቻ የሚሆነው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባለፈው ዓመት ምእመን ጠይቋችሁ መልሱ ያስቸገራችሁ ነገር ምን ነበር?» የምትሰሙት መልስ ሥርዓተ ትምህርታችሁ ነው። ቅዳሴውን አሳምረው የሚያዜሙ አባት ስብከት ላይ ሊቸገሩ ይችላሉ። ዲያቆኑ ምስባኩን (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የመዝሙር ጥቅስ) በቃሉ ይዞታል፣ የግእዙን ፍቺ ግን አልደረሰበትም። ገንዘብ ያዡ ታማኝ ነው፣ ሒሳብ መዝጋት ግን ማንም አላሳየውም። የሰንበት ትምህርት ቤቷ ልጅ ከዩቲዩብ ብዙ ስብከት ሰምታለች፣ ውዳሴ ማርያም ግን በንባብ አልዘለቀችም። እነዚህን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አንድ ነገር ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። ጥያቄዎቹን በደብተር ጻፉ፣ ማን እንደጠየቀው ሳይሆን ምን እንደተጠየቀ ብቻ።

ቀኑን ከበዓሉ ጋር አስማሙት

ገበሬ ካህንን በሥራ ቀን መጥራት አይቻልም። በወር በዓል ግን እርሻ የለም። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ጠበል ጻዲቅ ቀምሶ እዚያው ነው። ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ምረጡና ዓመቱን ሙሉ አትቀይሩት። «የማርያም ለት ትምህርት አለ» ከተባለ ማንም ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ሰሙነኞቹን አስቡ። ሳምንቱን የሚያገለግሉት ቀዳሾች ደክመው ስለሚወጡ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለእነሱ ዕረፍት ስጡ። የትምህርቱ ርዝመት ከሁለት ሰዓት አይለፍ። በዐቢይ ጾም በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ጠዋቱ ነፃ ነው፤ ያን ጊዜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መማር ይቻላል።

አገሩንም ተመልከቱ። የመንዝና የጣርማ በር ደጋ በልግ ያበቅላል፤ እዚያ የሥራ ወቅቱ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ጋር አንድ አይደለም። ለአንኮበር የተዘጋጀ የጊዜ ሰሌዳ ለምንጃር ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ከሀገረ ስብከት የሚወርድ አንድ ወጥ ሰሌዳ አትጠብቁ፣ የራሳችሁን አውጡ።

የመጀመሪያው ትምህርት ባሕረ ሐሳብ ይሁን

ባሕረ ሐሳብ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ስሌት ነው። በእሱ ጀምሩ ለማለት ሦስት ምክንያት አለኝ። ከቄሱ እስከ ሰንበት ተማሪዋ ሁሉም ይፈልገዋል። መሪጌታው በሙሉ ሥልጣን የሚያስተምሩት ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው ባለቤትነቱ የእሳቸው ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ፣ የዓመቱን የትምህርት ሰሌዳ ያለ እሱ ማውጣት አይቻልም፤ ፋሲካ ይንቀሳቀሳል፣ ከእሱ ጋር ጾሙም በዓሉም ይንቀሳቀሳል።

በጥቁር ሰሌዳ ወይም በትልቅ ወረቀት አብራችሁ ሥሩት። የ2018ን ዓመት እንውሰድ። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ይህን ለ19 አካፍሉት፤ 13 ይተርፋል። ከ13 አንድ ሲቀነስ 12፣ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዙት፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል) 12 ይቀራል፣ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን ደግሞ በ19 አባዙት፣ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18፣ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ ስሌቱ ውስጥ ስሕተት አለ። የእኛ 12 እና 18 ነው፣ ልክ ነው።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (የሚደመረው ቁጥር) 7 ነው፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2፣ የቅዳሜ 8። 18 ላይ 7 ሲደመር 25። ይህ መባጃ ሐመር ነው። መጥቅዑ በመስከረም ስለዋለ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። ዐቢይ ጾም ከዚያ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 9። ለትንሣኤ ተውሳኩ 9 ነው፤ 25 ላይ 9 ሲደመር 34፣ በ30 ሲገደፍ 4፣ ሚያዝያ 4። ለጰራቅሊጦስ ተውሳኩ 28 ነው፤ 53 ይሆናል፣ በ30 ሲገደፍ 23፣ ግንቦት 23። ጾመ ሐዋርያት በማግሥቱ ይገባል።

አንዱን ዓመት መሪጌታው ይሥሩት፣ ሁለተኛውን ሁሉም በየደብተሩ ይሥራው። የ2019ን ስጧቸው። መጥቅዑ 7 ስለሆነ በጥቅምት ነው የሚውለው፣ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 24 ይውላል። እዚህ መልስ ላይ የደረሰ ሰው ከዚያ ወዲያ ቀን መቁጠሪያ እስኪታተም አይጠብቅም። ሒሳብ የሚወዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዲያቆናት አባቶችን ቀድመው ሲጨርሱ ታያላችሁ፤ ተዉአቸው፣ ደስ ይበላቸው፣ አባቶችም ደስ ይላቸዋል።

ዓመቱን እንዴት እንደምትከፍሉት

መስከረምና ጥቅምት ለባሕረ ሐሳብና ለሰበካ ጉባኤ አሠራር ይሁን። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ብዙ አትጠብቁ። ቤት የሚነበብ አንድ ክፍል ሰጥቶ መለየት ይበቃል።

ከልደት እስከ ጥምቀት ባለው አጭር ጊዜ ስለ ጋብቻ ተማሩ፣ ምክንያቱም ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ይግተለተላል። ሥርዓተ ተክሊል፣ ቁርባን፣ ከጋብቻ በፊት የሚሰጥ ምክር። ዕድሜም ይነሣ። በሕጋችን ወንዱም ሴቷም 18 ዓመት ሳይሞላቸው ጋብቻ የለም። ካህኑ ይህን በልበ ሙሉነት ከተናገሩ አባት ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ለመዳር ሲነሣ የሚያቆመው ሰው አገኘ ማለት ነው። ከማንም ባለሥልጣን ይልቅ የንስሐ አባቱን ይሰማል።

ዐቢይ ጾም የንስሐ ወቅት ስለሆነ ትምህርቱም ስለ ንስሐ አባትነት ይሁን፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ስብከት መለማመጃ ነው። ክረምት ጭቃው፣ የሚሞላው ወንዝ፣ ጉሙና ብርዱ አለ። ነገር ግን ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ዲያቆናቱ አገር ቤት ናቸው። ክረምቱን ለእነሱ ስጡ። በፍልሰታ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ በብዙ ደብር ይሰጣል፤ የሰባቱን ዕለታት ክፍል በአሥራ አምስቱ ቀን ውስጥ ጠንቅቆ ማስኬድ ይቻላል። ሕፃናትም ሽማግሌዎችም የሚቆርቡበት ወቅት ስለሆነ የሚሰማው ሰው ብዛት ዓመቱን ሙሉ አይገኝም።

የሚያስተምሩት ማን ናቸው?

ከአዲስ አበባ ታዋቂ ሰባኪ ከማስመጣታችሁ በፊት በእግር የአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ያሉትን ሊቃውንት ቁጠሩ። የቅኔ መምህር፣ የድጓ መምህር፣ ሐዲሳትን የወጡ (የሐዲስ ኪዳንን ትርጓሜ የተማሩ) አባት። ሸዋ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት አገር ነው፤ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት ጻድቅ ቡልጋ ነው የተወለዱት። ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ካህናት ሕዝቡን በየሰንበቱ እንዲያስተምሩ አጥብቀው ያዘዙ ንጉሥ ነበሩ። መምህር የማክበር ነገር እዚህ አገር ሥር አለው።

ከቲዎሎጂ ኮሌጅ የተመረቀ ወጣት ካለ ከሊቁ ጋር አጣምሩት። ሊቁ ምሥጢሩንና አንድምታውን ይናገሩ፣ ወጣቱ አቀራረቡን ያሳይ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ወጣቱ አረጋዊውን ቄስ በምእመናን ፊት እንዳያርም። የሚታረም ነገር ካለ ቆይቶ፣ ለብቻቸው፣ በአስተዳዳሪው በኩል። በአደባባይ የተነካ አባት ሁለተኛ አይመጡም፣ አይፈረድባቸውምም።

ስብከትን የሚያለማምዱበት መንገድ

ብዙ ካህናት «እኔ ሰባኪ አይደለሁም» ይላሉ። ሰባኪ ማለት ማይክ ይዞ አንድ ሰዓት የሚጮህ ሰው ስለመሰላቸው ነው። በግጻዌ፣ የየዕለቱን ምንባብ በሚያሳየው መጽሐፍ፣ ጀምሩ። የዕለቱ መልእክታት፣ የሐዋርያት ሥራው፣ ምስባኩና ወንጌሉ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ ርእስ ፍለጋ መንከራተት የለም።

ካህኑ ከሦስት ቀን በፊት የዕለቱን ወንጌል በግእዝም በአማርኛም ያንብቡ። ትርጓሜውን ከመምህራቸው ይጠይቁ ወይም ካላቸው መጽሐፍ ይመልከቱ። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ በወረቀት ይጻፉ፤ ወንጌሉ ስለ ጌታችን ምን ይነግረናል፣ የዚህ መንደር ሰው ዛሬ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ያድርግ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ። የወሰን ጠብ ያለበት መንደር ስለ ይቅርታ ሲሰበክ የቱጋ ሊያመው እንደሚችል የሚያውቁት እኒያው ቄስ ናቸው፣ እንግዳው ሰባኪ አያውቅም።

ልምምዱ በካህናቱ መካከል ብቻ ይሁን። አንዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይናገሩ። ሌሎቹ መጀመሪያ የገባቸውን መልሰው ይንገሯቸው። አስተያየቱ ከዚያ ይከተል። ያልገባ ነገር ካለ ራሱ ይወጣል፣ ማንም «አልተሳካም» ማለት አያስፈልገውም።

የንስሐ አባትነት

ከሁሉም ክፍል ይህኛው ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይም የሚጠቅመው ይህኛው ነው። ምእመናንን አታስገቡ፣ ካህናት ብቻ። የሰማችሁትን ኑዛዜ ታሪክ አድርጋችሁ እንዳታመጡ በመጀመሪያው ደቂቃ ይነገር። መንደሩ ትንሽ ነው፤ ስም ባይጠራም «ሁለት ሚስት ያለው ነጋዴ» ሲባል ሁሉም ያውቀዋል። መምህሩ ከሌላ ቦታ የተዘጋጁ ጉዳዮችን ይዘው ይምጡ። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ንስሐ ሲገባ ምን ይባላል? ወንድሙን የገደለበትን ሰው አልምርም የሚል እንዴት ይያዛል? ራሷን ለማጥፋት ያሰበች ልጅ ብትመጣስ? በየአንዳንዱ ላይ ካህናቱ ይወያዩ፣ ሊቁ ደግሞ ከፍትሐ ነገሥቱና ከአበው ትምህርት ያለውን ይናገሩ።

እዚህ ላይ የጤና ባለሙያ ለአንድ ቀን ጋብዙ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛም ልትሆን ትችላለች። በሸንኮራ ዮሐንስም በጻድቃኔ ማርያምም ጠበል የሚጠመቅ ብዙ ሕመምተኛ አለ። ጠበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም። የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ካህኑ በአፋቸው ይንገሩት። ይህች አንዲት ቃል ሰው ታድናለች። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ከመጣ ደግሞ ጸልዮ ማሰናበት አይበቃም፤ ብቻውን እንዳይተው ቤተሰብ ይጠራ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ለሰበካ ጉባኤና ለማኅበራት

እነዚህ ሰዎች ስለ አስተዳደር ንግግር መስማት አይፈልጉም፤ የራሳቸውን መዝገብ ይዘው ይምጡና እሱ ላይ ይሥሩ። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ቢያንስ ሦስት ሰው ይኑር፣ ቆጠራው እዚያው ተጽፎ ይፈረም። ለገባው ሁሉ ደረሰኝ፣ ለወጣው ሁሉ የወጪ ማስረጃ። የባንክ ሒሳቡ በአንድ ሰው ፊርማ እንዳይንቀሳቀስ። የወሩ ገቢና ወጪ በዐውደ ምሕረት ይነበብ። ሕዝቡ ገንዘቡ የት እንደገባ ሲሰማ የበለጠ ይሰጣል፣ ሐሜትም ይቀንሳል። ሴቶች እዚህ ክፍል ውስጥ በብዛት ይግቡ፤ የሰንበቴውን ድግስ አቅደው ሳያጎድሉ የሚያወጡት እነሱ ናቸው፣ ሒሳቡ ላይም ያስፈልጋሉ።

ሌላው ቅርስ ነው። የብራና መጻሕፍቱን፣ መስቀሉን፣ ጽናጽሉን በዝርዝር መዝግቡ። መጽሐፉን በስልክ ፎቶ ስታነሡ ፈቃድ ይኑራችሁ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ፣ ፎቶውንም ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ፤ ሌባ የሚያየው እዚያ ነው። ብራናው ከእርጥብ ግድግዳ፣ ከአይጥና ከጧፍ ጢስ ይራቅ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ነበር፤ ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይገኛል። ካታሎጉን ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋናው የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ብዙው ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። የደብራችሁ መጽሐፍ እዚያ ውስጥ ካለ ወጣቶቹ ይፈልጉት።

መጽሐፍና ስልክ

ሰማኒያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ግጻዌ፣ ፍትሐ ነገሥት፣ የወንጌል አንድምታ፣ የግእዝ ሰዋስው። እነዚህ በዕቃ ቤት ሳይሆን ደጀ ሰላም ባለ ቁም ሣጥን ይቀመጡና በፊርማ ይውጡ። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የመምህሩ ድምፅ በሚሞሪ ካርድ ተገልብጦ ይዙር። ቴሌግራም ግሩፕ ከተከፈተ ለቀጠሮና ለጥያቄ ብቻ ይሁን፤ ክርክር ከተጀመረ አባቶች ጥለው ይወጣሉ።

ወደ ላይ የሚላክ ሰው

ከሁለት ዓመት በኋላ ጎልተው የሚወጡ ይኖራሉ። ለአንዱ ቅኔ ቤት ነው የሚሻለው፣ ለሌላው አዲስ አበባ ያሉት የቅድስት ሥላሴ ወይም የቅዱስ ጳውሎስ የቲዎሎጂ ተቋማት። ንግግር የሚያምርለትን ብቻ አትምረጡ። ሳይቀር የመጣውን፣ ሌላውን የሚያስጠናውን፣ ሲሄድ ቤተሰቡ የማይቸገረውን ምረጡ። ከመሄዱ በፊት ሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ይስማማ፤ አጥቢያው ምን ያህል ይደግፈዋል፣ በየክረምቱ መጥቶ ምን ያስተምራል፣ ሲጨርስ ስንት ዓመት ያገለግላል። ይህ ካልተጻፈ ከተማው ያስቀረዋል፣ እሱንም መውቀስ ያስቸግራል።

ወጪው

ትልቁ ወጪ መምህሩ ናቸው፣ በዚህ ላይ አትሳሱ። የትራንስፖርት፣ የምሳና የድካም ዋጋቸው በሰበካ ጉባኤው በጀት ውስጥ ይግባ። በገንዘብ ካልሞላ ከምርት በኋላ ሰንበቴው በጤፍ ወይም በገብስ ሊያሟላ ይችላል፣ ግን መጠኑ በመስከረም ይነገራቸው። ለተማሪዎቹ አበል አትክፈሉ፤ ዳቦና ጠላ፣ በጾም ቆሎና ሻይ ይበቃል። የመምህሩን ድርሻ ደግሞ ባስተማሩበት ቀን፣ ከመሄዳቸው በፊት፣ በእጃቸው ስጡ።